የከባድ ቀይ ወይን ክብደቱ ከምኑ ላይ ነው? ለአንድ ተወዳጅ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ከባድ ቀይ ወይን ጠባይና አብሮት ስለሚቀርብ ምግብ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። ቋንቋው ያማረ ነው፤ ጸሐፊው ወይንን ከልባቸው እንደሚወዱም ከየአንቀጹ ይታያል። ሰው የሚወደውን ነገር ሲያወድስ መስማት ደስ ይላል። ይሁንና ውዳሴው ወደ ሕግ ሲለወጥ፣ ሕጉም «ይህን ያልጠበቀ ወይን አያውቅም» ወደሚል ተግሣጽ ሲያድግ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ከሕጎቹ አንዳንዶቹ በከፊል ልክ ናቸው። አንዳንዶቹ ልክ ቢሆኑም የተሰጣቸው ምክንያት ስሕተት ነው። ሁለት ሦስቱ ግን የሰው እራት ያበላሻሉ።

በመጀመሪያ የተባለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ከባድ ቀይ ወይን በቀለሙ ይታወቃል፤ የጠቆረው የበረታው ነው። ብርጭቆው ሲወዘወዝ በግድግዳው ላይ የሚወርዱት «እንባዎች» የጥራቱ ምስክር ናቸው። የከባዶቹ ንጉሥ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው ዝርያ ነው፤ ከነጭ ወይን ጋር የሚያገናኘውም ነገር የለም። እንዲህ ያለ ወይን የሚፈልገው ቀይ ሥጋ ብቻ ነው፤ ታኒኑ ስቡን ይቆርጠዋልና። ዓሣ ባለበት ገበታ መቅረብ የለበትም። ምግቡ ቅመም የበዛበት፣ እንደ ቃሪያ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ለብርቱ ምግብ ብርቱ ወይን ያስፈልጋልና አልኮሉ ከፍ ያለውን መምረጥ ነው፤ አልኮሉ ማቃጠሉን አሟሟቶ ያጥበዋል። ወይኑ በክፍሉ ሙቀት ይቅረብ፣ ቡሹ ከአንድ ሰዓት በፊት ተነቅሎ ይተንፍስ፣ ያረጀና በከባድ ጠርሙስ የታሸገ ቢሆን ይመረጣል። መደምደሚያው አይብና ጥቁር ቸኮላት ነው።

አንድ በአንድ ከመግባቴ በፊት የአብዛኞቹን ስሕተቶች ሥር ላሳይ። ጽሑፉ የወይንን ክብደት እንደ አንድ ነገር ይቆጥረዋል፤ ወይ ብዙ ነው ወይ ትንሽ ነው። በብርጭቆው ውስጥ ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አንዱ ስለበዛ ሌላው የግድ አይበዛም። የመጀመሪያው ታኒን ነው። ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ፣ እንዲሁም ከኦክ በርሜል ይመጣል። ምራቅ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ሲጣበቅ ምራቁ አፍን ማለስለሱን ያቆማል፤ ድድና ጉንጭ ይደርቃሉ፣ ምላስም ይሻክራል። ቅጠሉ ሳይወጣለት ብዙ የቆየ፣ ወተት ያልገባበት ሻይ የሚተወው ስሜት ይኸው ነው። ሁለተኛው አልኮል ነው፤ በከባድ ቀይ ወይኖች ብዙውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 15 በመቶ ይሆናል፤ ሙቀትና ወፈር ያለ ስሜት ይሰጣል። ሦስተኛው ምራቅ የሚያመነጨውና አፍን የሚያጥበው አሲድ ነው። አራተኛው የፍሬው ጣዕም ክምችት ነው፤ ከበርሜሉ የሚመጣው የቫኒላ፣ የቅርንፉድና የጭስ መዓዛም ከዚሁ ጋር ይቆጠራል።

ምግብ ከእነዚህ ከአራቱ ጋር የሚገናኘው በአራት የተለያየ መንገድ ነው። ጨው ታኒንን ያለዝባል። ቃሪያ አልኮልን ያባብሳል። ስኳር የወይኑን ኮምጣጣነትና ምሬት ያጋልጣል። ስለዚህ «ወይኑ ከባድ ነው፣ ምን ልብላበት?» ለሚል ጥያቄ ወይኑን ከባድ ያደረገው ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚሰጥ መልስ ግምት ነው። የጽሑፉ ሕጎች ሁሉ የተሠሩት በዚህ ግምት ላይ ነው።

«የጠቆረው የበረታው ነው»

ይህን ለማፍረስ አንድ ክልል ይበቃል። በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ፣ ኔቢዮሎና ባርቤራ የሚባሉ ሁለት የወይን ዝርያዎች በአጎራባች ኮረብታዎች ላይ ይበቅላሉ። ታዋቂው ባሮሎ የሚሠራው ከኔቢዮሎ ነው። ባሮሎ ብርጭቆ ውስጥ ሲታይ ፈዘዝ ያለ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም የሚያደላ ወይን ነው። ሲቀመስ ግን ድድን ጨምድዶ ይይዛል፤ ታኒናቸው ከበዛ ወይኖች መካከል በቀዳሚነት ይጠራል። ባርቤራ በተቃራኒው የጠቆረ ሐምራዊ ሆኖ ታኒኑ ጥቂት፣ አሲዱ ግን ብዙ ነው። በዓይኑ ብቻ የሚፈርድ ሰው ሁለቱን ገልብጦ ያስቀምጣቸዋል፤ ከዚያም ለባሮሎ የሚስማማውን ምግብ ለባርቤራ ያቀርባል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀለም የሚሰጡት አንቶሲያኒን የሚባሉት ውሕዶች ናቸው፤ አፍ የሚያደርቁት ደግሞ ታኒኖች። ሁለቱም ልጣጩ ውስጥ ይገኛሉ፣ መጠናቸው ግን ከዝርያ ዝርያ ለየብቻው ይለያያል። አሊካንቴ ቡሼ የሚባለው ወይን ከልጣጩ አልፎ ሥጋው ራሱ ቀይ ነው፤ ለዚህም ሲባል የፈዘዘ ወይንን ለማጥቆር ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል ኖሯል። ጥቁረት ብቻውን በቅልቅል የሚገኝ ነገር ነው።

ቀለም ከማሳሳት አልፎ አፍንጫንም እንደሚመራ የሚያሳይ የታወቀ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ይህ በፈረንሳይ የወይን አገር በቦርዶ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሥራ 54 የወይን ትምህርት ተማሪዎችን ያሳተፈ ነበር። ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም ተነክሮ ሲቀርብላቸው፣ ተማሪዎቹ መዓዛውን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚውሉት ቃላት ነው። የሠለጠነ አፍንጫ በዓይን እንዲህ ከተረታ፣ እኛ ጥቁር ወይን ሲቀዳልን ገና ሳንቀምሰው «ኃይለኛ ነው» ማለታችን አያስገርምም።

«እንባዎቹስ?» ለሚለው መሐንዲሱ ጄምስ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1855 መልስ ሰጥቶበታል። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ከቀረው ስስ ሽፋን አልኮሉ ቀድሞ ይተንናል፤ የቀረው ፈሳሽ ውኃ ስለሚበዛበት የገጽ ውጥረቱ ይጨምርና ከታች ያለውን ወይን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሲከብደው ተመልሶ ይወርዳል። የብርጭቆውን አፍ በመዳፍ ግጥም አድርጎ ሸፍኖ ጥቂት ቢጠብቁ ትነቱ ይቆምና እንባውም ይቆማል። እንባ ስለ አልኮል መጠን ትንሽ ይናገራል፤ ስለ ጥራት ግን ምንም አይልም።

ካበርኔ ሶቪኞን ከነጭ ወይን ጋር ዝምድና የለውም የሚለውን በተመለከተ፣ የካሊፎርኒያው ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዘረመል ምርመራ ያገኙትንና እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙትን ማስታወስ ይበቃል። የካበርኔ ሶቪኞን ወላጆች ካበርኔ ፍራንና ሶቪኞን ብላን ናቸው፤ ሁለተኛው ነጭ ወይን ነው። ዝምድናው በአፍንጫም ይታወቃል። በቅጡ ባልበሰለ ካበርኔ ውስጥ የሚሸተው የአረንጓዴ ቃሪያ መዓዛ የሚመጣው ፒራዚን ከሚባሉት ውሕዶች ነው፤ ለሶቪኞን ብላን የሣር መሰል ሽታ የሚሰጡትም እነዚሁ ናቸው። ይህን ማወቅ ለማዕድ ይጠቅማል፤ እንዲህ ያለው ካበርኔ ቅጠላ ቅጠል ከበዛበት ጥብስ ጋር የሚስማማው ለዚህ ነውና።

ለጸሐፊው የምተውላቸውም አለ። ቀለም ስለ ዕድሜ ይናገራል፤ ቀይ ወይን በቆየ ቁጥር ይፈዛል፣ ጠርዙም ይቀላል ወይም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ፈዛዛውን ፒኖ ኗር የሚባለውን ዝርያ ጥቁር ከሆነው ከሲራ አጠገብ ለሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ የቀለሙ ሕግ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

«ቀይ ሥጋ ብቻ፤ ታኒኑ ስቡን ይቆርጠዋልና»

ታኒን የበዛበት ወይንና የተጠበሰ ሥጋ እንደሚዋደዱ አልክድም። ከጽሑፉ ምክሮች ሁሉ በጣም የታመነው ይህ ነው። የምከራከረው በምክንያቱና «ብቻ» በምትለው ቃል ነው።

የሥጋው ፕሮቲን ታኒኑን ስለሚቀበል ለምራቃችን የሚተርፈው ያንሳል፤ ስቡም አፍን ስለሚቀባ ሻካራነቱን ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ እንስማማለን። ሆኖም ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው የሚችል ነገር አለ። ከአንድ ሥጋ ሁለት ቁራጭ ወስደው አንዱን ያለ ጨው፣ ሌላውን በደንብ ጨው ነስንሰው በአንድ መጥበሻ ይጥበሱ። ጨው የሌለውን በልተው ታኒኑ ብርቱ የሆነ ወይን ቢጎነጩ ወይኑ መራራና ደረቅ እንደሆነ ይቆያል፤ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። ጨው ያለውን በልተው ሲጎነጩ ግን ወይኑ በድንገት ይለሰልሳል፣ ፍሬውም ጎልቶ ይወጣል። በሁለቱም ቁራጮች ፕሮቲኑና ስቡ ያው ነው። የተለወጠው ጨው ነው።

እንዲህ የሚሆነው ሥጋ ውስጥ ኡማሚ የሚባለው ጣዕም ስላለ ነው። ኡማሚ በእንጉዳይ፣ በበሰለ ቲማቲምና በቆየ አይብም ይገኛል። ብቻውን ሲሆን የወይንን ምሬትና ሻካራነት ያጎላል፤ ጨው ሲታከልበት ሚዛኑ ይመለሳል። ስለዚህ ሥጋው ከወይኑ ጋር አልዋደድ ካለ ሌላ ጠርሙስ ከመክፈት በፊት የጨው ዕቃውን ማንሳት ይሻላል። ጥቂት የሎሚ ጭማቂም ይረዳል፤ ከኮምጣጣ ምግብ ቀጥሎ የሚጠጣ ወይን የለዘበ ይመስላልና።

«ስቡን ይቆርጣል» የሚባለውን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ታኒን አይደለም፤ አሲድ ነው። በዘይት በተጠበሰ ነገር ላይ ሎሚ የምንጨምቀው ሎሚ ታኒን ኖሮት አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት ባርቤራ ታኒኑ ጥቂት ሆኖ ሳለ ቅባት የበዛበትን ምግብ በቀላሉ የሚሸከመው በአሲዱ ነው። በአንጻሩ አሲዱ የወረደ፣ ታኒኑና አልኮሉ ብቻ የበዛ ወይን ከሰባ ሥጋ ጋር ሲቀርብ ከሁለተኛው ጉንጭ በኋላ አፍ ይደክማል።

«ብቻ» ለምትለው ቃል መልሱ ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ይመጣል። ማዲራን የሚባለው የዚያ አገር ቀይ ወይን የሚሠራበት ዋናው ፍሬ ታናት ነው፤ ታናት ደግሞ በታኒኑ ብዛት የታወቀ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ማዲራንን የሚጠጡት በራሱ ስብ ውስጥ ቀስ ብሎ ከበሰለ ዳክዬ፣ እንዲሁም ነጭ ባቄላ፣ ቋሊማና ዳክዬ አብረው በሸክላ ከሚበስሉበት ካሱሌ ከሚባለው ምግብ ጋር ነው። የበሬ ሥጋ የለበትም። የካሱሌ ትልቁ ክፍል ባቄላ ነው፤ ያ ሁሉ ታኒን ማረፊያ የሚያገኘው በባቄላው ፕሮቲን፣ በስቡና በጨው ውስጥ ነው። ከዚህ ተነስቶ በደንብ ጨው የገባበት የምስር ወጥ ወይም በወይራ ዘይት የተጠበሰ ደብርጃን ከከባድ ቀይ ወይን ጋር የማይሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉ ስለ ሥጋው ሲያወራ በላዩ ላይ ስለሚቀባው ነገር ዝም ብሏል። ማር ወይም ስኳር የበዛበት ማጣፈጫ የተቀባ ጥብስ፣ ሥጋው የፈለገውን ያህል ቀይ ቢሆን፣ ስኳር የሌለውን ወይን ኮምጣጣና መራራ ያደርገዋል። ወይን የሚመረጠው ለማጣፈጫው ነው፤ ሥጋው ሁለተኛ ነው።

«ዓሣ ባለበት አይቅረብ»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከተግባር አንጻር ብዙም አልተሳሳቱም። ታኒን የበዛበት ወይን ከቅባታማ ዓሣ ጋር ብዙ ጊዜ አይስማማም፤ አፍ ውስጥ የብረትና የቆየ ዓሣ ጣዕም ይተዋል። ግን ጥፋተኛው ቀለሙ ወይም «ክብደቱ» አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች የተለያዩ ወይኖችን ከደረቀ የባሕር ዛጎል ሥጋ ጋር አቅርበው ሲያስቀምሱ፣ መጥፎው ጣዕም የሚበረታው በወይኑ ውስጥ ያለው የብረት መጠን ከፍ ሲል መሆኑን አገኙ፤ ብረቱን የሚይዝ ንጥረ ነገር ሲጨመር ጣዕሙ ቀነሰ። የብረቱ መጠን ደግሞ በአፈሩ፣ በአሰባሰቡና በሚሠራበት ዕቃ ይለያያል እንጂ በቀለም አይወሰንም። ብረቱ ጥቂት የሆነ ቀይ ወይን ዓሣን አይጎዳም ማለት ነው። በጠርሙሱ ላይ ስለማይጻፍ ግን ለጥንቃቄ ያህል የጸሐፊውን ምክር መከተል አይከፋም። በቦርዶ ግን ላምፕሬ የሚባለውን እባብ መሰል የውኃ እንስሳ በቀይ ወይን ውስጥ አብስለው ከቀይ ወይን ጋር እንደሚበሉት መጥቀስ ይገባል፤ ይህም ብልኃት የቆየ ነው።

«ለሚያቃጥል ምግብ አልኮሉ ከፍ ያለ ወይን»

ከጽሑፉ ሁሉ የከፋው ምክር ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ማቃጠል ጣዕም አይደለም። በቃሪያ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚነካው ሙቀትንና ሕመምን የሚያስታውቀውን የነርቭ ተቀባይ ነው። ይህ ተቀባይ በተለመደው ሁኔታ የሚነቃው የሙቀቱ መጠን 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ቃሪያ ስንበላ አፋችን ሳይሞቅ የሞቀ የሚመስለን ካፕሳይሲኑ ስለሚያነቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ደግሞ አልኮል ያንኑ ተቀባይ እንደሚነካ አሳይቷል። አልኮል ባለበት ተቀባዩ የሚነቃበት የሙቀት መጠን ከ42 ወደ 34 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የአፋችን ሙቀት ከ34 በላይ ነው። በሌላ አነጋገር አልኮሉ የበዛ ወይን በሚቃጠል አፍ ላይ ሲደርስ፣ ቃሪያው የከፈተውን በር ይበልጥ ይበረግደዋል። በዚያ ላይ ታኒኑ ምራቁን ሲያደርቅ፣ ማቃጠሉን ሊያለዝብ የሚችለው የመጨረሻው ነገር ይሄዳል።

«አልኮሉ ማቃጠሉን አሟሟቶ ያጥበዋል» የሚለው ከፊል እውነት አለው። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፣ በአልኮል ይሟሟል። ነገር ግን 15 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ከአራት አምስተኛ በላይ ውኃ ነው። አፍን ከካፕሳይሲን ለማጠብ የማይበቃ፣ ተቀባዩን ለማነሳሳት ግን የሚበቃ አልኮል ነው ያለው። ይህን ሥራ የሚሠራው ወተት ነው፤ ፕሮቲኑ ካፕሳይሲኑን ይይዘዋልና።

ታዲያ ከሚያቃጥል ምግብ ጋር ምን ይጠጣ? የጽሑፉን ተቃራኒ ማድረግ ይሻላል፤ አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ታኒኑ ጥቂት፣ ፍሬው የጎላ፣ ቢቻል ትንሽ ጣፋጭነት ያለው፣ ቀዝቀዝ ብሎ የቀረበ። በጀርመን ሞዘል ሸለቆ የሚሠሩት ሪዝሊንግ የሚባሉ ለስለስ ያሉ ጣፋጭ ነጭ ወይኖች አልኮላቸው 8 ወይም 9 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ቀይ ካልሆነ ለሚል ሰው ቀዝቀዝ ያለ ጋሜ የሚባለው ቀለል ያለ ቀይ ወይን አለ። ማቃጠሉ እንዲብስ ፈልጎ የሚጠጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እርሱ ምርጫው ነው፣ ክርክርም የለኝም። ምክር ሆኖ ሲሰጥ ግን ውጤቱ አብሮ መነገር አለበት።

እዚህ ጋ ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደቀላቀለ ይሰማኛል። ቅመም ሁሉ አያቃጥልም። ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ቀረፋ በዋናነት መዓዛ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር ከባድ ቀይ ወይን በእውነት ያምራል። ለምሳሌ ሲራ ብዙ ጊዜ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፤ ይህ የቀማሾች ቅዠት አይደለም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳወቁት ሽታውን የሚሰጠው ሮተንዶን የሚባል ውሕድ ነው፤ ይኸው ውሕድ ራሱ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ይገኛል። የሚገርመው ከሰዎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ሊያሸቱት አለመቻላቸው ነው። አንድ ገበታ ላይ አንዱ «እንዴት ያለ ቅመም!» ሲል ሌላው «የቱ ጋ?» ቢል ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው «ቅመም የበዛበት» ያሉት እንዲህ ያለውን ምግብ ከሆነ ምክራቸው ልክ ነው። የሰጡት ምሳሌ ግን ቃሪያ ነበር።

ስለ ሙቀት፣ ስለ መተንፈስና ስለ ጠርሙስ በአጭሩ

«የክፍል ሙቀት» የሚለው ምክር የተወለደው የአውሮፓ ቤቶች ማዕከላዊ ማሞቂያ ባልነበራቸው ዘመን ነው። ለከባድ ቀይ ወይን የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው፤ ዛሬ ብዙው ሳሎን ከዚያ ይሞቃል። ወይን ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ፍሬውም ይደበዝዛል። ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ታኒኑ ይሻክራል። ሩብ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ነውር አይደለም።

ቡሽ ነቅሎ ጠርሙሱን ማቆም ከልማድነት አያልፍም። ታላቁ የቦርዶ የወይን ሊቅ ኤሚል ፔይኖ ይህን ልማድ ዋጋ ቢስ ሲሉ ነቅፈውታል፤ በጠርሙስ አንገት ውስጥ ከአየር ጋር የሚገናኘው ወይን ስፋቱ ከአንድ ሳንቲም ብዙ አይበልጥምና። አየር የሚያስፈልገው ወጣትና መዓዛው ገና ያልተከፈተ ወይን ሆደ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይገልበጥ፤ ያረጀውም አተላው እንዲቀር በጥንቃቄ ቢገለበጥ ጥሩ ነው።

ማርጀትን በተመለከተ በዓለም ላይ ከሚሸጠው ቀይ ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒንና ቀለም ተያይዘው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፣ የፍሬው ጣዕምም ይከስማል። ሲጀመር አሲድና ፍሬ ያልነበረው ወይን በማርጀቱ የሚያተርፈው ነገር የለም። ወፍራም ጠርሙስ ደግሞ የሚያስፈልገው ከ5 እስከ 6 አትሞስፌር ግፊት ለሚሸከመው ሻምፓኝ ነው። አረፋ ለሌለው ቀይ ወይን ከባዱ ጠርሙስ የሚጨምረው የማጓጓዣ ወጪ ብቻ ነው።

«መደምደሚያው አይብና ቸኮላት»

አይብና ቀይ ወይን እንዲህ የተቆራኙት አይቡ ለወይኑ ስለሚያደላ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነ የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሠለጠኑ ቀማሾች 8 ቀይ ወይኖችን ከ8 ዓይነት አይብ ጋር ቀምሰዋል። አይቡ የታኒኑን ሻካራነትና የኦኩን ጣዕም ቀነሰ፤ ግን የቤሪውን መዓዛም አብሮ ቀነሰ። ከፍ ያለው የቅቤ መዓዛ ብቻ ነበር። ይህ ለሻካራና ርካሽ ወይን ታላቅ ውለታ ነው፤ ውድ ዋጋ ለተከፈለበት ወይን ግን ኪሳራ ነው። ወይን ነጋዴዎች «በፖም ግዛ፣ በአይብ ሽጥ» የሚሉት ይህን ያለ ጥናት አውቀውት ኖሮ ነው። ቢሆንም ዓይነቱ ይለያያል። እንደ ፓርሚጃኖና ያረጀ ቸዳር ያሉ ደረቅና ጨዋማ አይቦች ታኒንን በደንብ ይሸከማሉ፤ በእነዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። እንደ ብሪ ያለ ለስላሳ አይብ ግን፣ በተለይ ቅርፊቱ ሲጨመር፣ ከብርቱ ታኒን ጋር ሲገናኝ ምሬት ያወጣል፤ ለእርሱ ነጭ ወይን ይሻለዋል።

ቸኮላቱ ግን አያስማማንም። ከጣፋጭ ምግብ ጋር የሚቀርብ ወይን ጣፋጭነቱ ከምግቡ ያላነሰ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ወይኑ ባዶና ኮምጣጣ ይመስላል። ካካዎው 70 በመቶ የሆነ «ጥቁር» ቸኮላት እንኳ ከቀሪው ውስጥ አብዛኛው ስኳር ነው። ስኳሩ ተብላልቶ ያለቀለት ቀይ ወይን በሊትር ከ4 ግራም ያነሰ ስኳር ነው ያለው። በዚያ ላይ ካካዎ የራሱ ምሬትና የራሱ አፍ አድራቂነት አለው፤ ከወይኑ ታኒን ጋር ሲደመር ምሬት በምሬት ላይ ይሆናል። ቸኮላቱን በልቶ ባሮሎ የሚጎነጭ ሰው ከሁለቱም ምንም አላገኘም።

ጸሐፊው ቸኮላቱን መተው ካልፈለጉ ግን ከቀይ ወይን መውጣት አያስፈልጋቸውም። በፖርቱጋል ዱሮ ሸለቆ የሚሠራው ፖርት፣ መብላላቱ ሳያልቅ ከወይን የተነጠረ ብርቱ አልኮል ተጨምሮበት ስለሚቆም፣ ስኳሩ በሊትር 100 ግራም ያህል ሆኖ ይቀራል፤ አልኮሉም 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በደቡብ ፈረንሳይ የሚሠራው ባኒዩልስም በተመሳሳይ ብልኃት የተዘጋጀ ነው። ሁለቱም ከባድ ናቸው፣ ሁለቱም ቀይ አላቸው፣ ሁለቱም ከጥቁር ቸኮላት ጋር ይስማማሉ። ልዩነቱ ክብደታቸው ከታኒን ይልቅ ከስኳርና ከአልኮል መምጣቱ ነው። በሚቀጥለው ግብዣቸው ላይ አንድ ቁራሽ ቸኮላት፣ ከግራው ካበርኔ፣ ከቀኙ ፖርት አድርገው ያቅርቡና እንግዶቹ ቀድመው የትኛውን ብርጭቆ እንደሚጨርሱ ይዩ።